ኮፈኑ አብረቅርቆ ጥጋጥጉ ነጭ ከሆነ ሥራው አላለቀም

ይህን የምጽፈው ውጭ አገር ሆናችሁ መኪና እጥበትና ዲቴይሊንግ (መኪናን በዝርዝር ማጽዳትና ማብረቅረቅ) ላይ ለምትሠሩ፣ በተለይ ገና ለጀመራችሁ ወንድሞችና እህቶች ነው። ብዙ አዲስ ገቢ አይቻለሁ። ጉልበት አላችሁ፣ ሰዓት ታከብራላችሁ። የምታበላሹት ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ዋክስ (ማብረቅረቂያ ሰም) ቀብታችሁ ጥጋጥግ ውስጥ የሚቀረውን ነጭ አታወጡም። ሳልሸፋፍን እነግራችኋለሁ፣ የሚቀየም ይቀየም።

1. ወረቀቱ

የሥራ ፈቃዱን፣ ኢንሹራንሱን፣ ግብሩን ያላችሁበት አገር ሕግ በሚለው መሠረት ጨርሱ። ስለዚህ ጉዳይ የሚመክራችሁ ሰው ሞልቷል፣ እኔን አትጠብቁ።

2. «ለጊዜው ነው»

«ይሄ ሥራ ለጊዜው ነው» የሚል ሰው ዋክሱንም ለጊዜው ነው የሚቀባው። እሺ፣ ለጊዜው ይሁን። ደንበኛው ግን መኪናውን ሲረከብ ዲግሪያችሁን አይጠይቅም። መጀመሪያ ኮፈኑን ያያል፣ ደስ ይለዋል። በሩን ሊከፍት ሲጠጋ እጀታው ሥር ነጭ ነገር ያያል። ከዚያ የመስኮቱ ጎማ ጠርዝ ላይ። ከዚያ ማርካው ፊደሎች መሃል። አለቀ! ከዚህ በኋላ ዓይኑ የሚፈልገው ነጩን ብቻ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት የለፋችሁበት ፊት ተረሳ።

3. ነጩ ነገር ከየት መጣ?

ዋክስ ስትቀቡ ማሟሚያው ይተንና የቀረው ደርቆ ጭጋግ ይሆናል። ሰፊው አካል ላይ ጨርቅ ስለሚደርስ በቀላሉ ይለቃል። መገጣጠሚያ ውስጥ ግን ዋክሱ ይገባል፣ ጨርቁ አይገባም። እዚያው ወፍሮ ይደርቃል። ቀለም ያልተቀባው ጥቁር ፕላስቲክ ደግሞ የባሰ ነው። ፊቱ ሸካራ ስለሆነ ዋክሱ በጥቃቅኑ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል።

በብዙ ዋክስ ውስጥ ያለው ካርናውባ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚገኝ ሰም ነው። ብቻውን ሲሆን ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ካልሞቀ አይቀልጥም። ስለዚህ «ሲታጠብ ይለቃል» እያላችሁ ራሳችሁን አታታልሉ።

4. ማውጣቱ

መጀመሪያ ካቻቢቴውን አስቀምጡ። ቢላዋውንም። ስንቱን ልጅ አየሁ፣ ፊደል ዙሪያ የቀረች ነጭ መስመር ለማውጣት በብረት ጫፍ ሲፍቅ! ዋክሱ ወጣ፣ በምትኩ ጭረት ገባ። ቀለሙን የሚጠብቀው ግልጽ ሽፋን፣ ክሊር ኮት፣ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 50 ማይክሮን ገደማ ነው። ተራ የጽሕፈት ወረቀት 100 ማይክሮን ያህል ይሆናል። የወረቀት ግማሽ በሆነ ነገር ላይ ነው ብረት የምትሰዱት። ዋክስ በደቂቃ ይወጣል፣ ጭረት ግን ቀለም ቀቢ ድረስ ይወስዳችኋል። የሚያስቆጨኝ ይሄ ነው፤ ጎበዝ ሠራተኛ በማይረባ ነገር ደንበኛ ያጣል።

ቤንዚን፣ ቲነርና አኳራጅም አይነኩም። ቀለም ያደበዝዛሉ፣ ጎማ ያደርቃሉ፣ ፕላስቲክ ያበላሻሉ።

የሚያስፈልጋችሁ ፀጉሩ ለስላሳ የሆነ ትንሽ ብሩሽ ነው። አንገቱ ላይ ብረት ካለው በፕላስተር ጠቅልሉት፣ ቀለሙን እንዳይመታ። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽም ይሠራል፣ ጠንካራው ግን ይጭራል። ብሩሹ ላይ ኩዊክ ዲቴይለር (የሚረጭ ማጽጃና ማብረቅረቂያ ፈሳሽ) ርጩበት፣ መገጣጠሚያውንም ትንሽ አርጥቡት። ደረቅ ዋክስ በደረቅ ብሩሽ አትፈትጉ። ጥቂት ይራስ። ከዚያ በመስመሩ አቅጣጫ፣ ሳትጫኑ፣ ወዲያና ወዲህ በሉት። ነጩ እንደ ለጋ ወተት ሆኖ ሲወጣ ወዲያው በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ጥረጉት። ካዘገያችሁ ተመልሶ ይደርቃል።

ፊደሎቹ ውስጥ ብሩሹ ካልደረሰ የእንጨት ስቴኪኒ በእርጥብ ማይክሮፋይበር ጠቅልላችሁ አዙሩት። ባዶውን ስቴኪኒ አትስደዱ፣ ተሰብሮ ውስጥ ይቀራል።

እምቢ ካለ ኦል ፐርፐዝ ክሊነር (ለሁሉም የሚሆን ማጽጃ) 1 እጅ በ10 እጅ ውሃ በጥብጡ፣ ወይም አይሶፕሮፒል አልኮልን እኩል ውሃ ጨምሩበት። ሁለቱንም መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩ። ሸካራ ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ደግሞ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጉት፣ አንድ ቦታ ላይ ሳታቆሙ። ዋክሱ ይለሰልስና ብሩሹ ያነሳዋል። የቀረች ትንሽ ነጥብ ካለች ነጭ የእርሳስ ላጲስ ይበቃታል። እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ግን ብሩሽም ላጲስም የለም፣ እርጥብ ጨርቅ ብቻ። እሱ በዓይን ብታዩት እንኳን የሚጫር ነገር ነው።

አንድ ነገር እዚህ ትረሳላችሁ። ክሊነሩና አልኮሉ የቀረውን ነጭ ሲያወጡ ደህናውንም ዋክስ ያነሱታል። ስለዚህ ያጸዳችሁትን ጠርዝ በጣት ጫፍ በያዛችሁት ጨርቅ ስስ አድርጋችሁ መልሳችሁ ቀቡት።

5. እንዳይገባስ?

ይሄን ለምን አትሠሩትም? ለምን? የወረቀት ፕላስተር በጥቁሩ ፕላስቲክና በጎማው ጠርዝ ላይ መለጠፍ የሚፈጀው ጊዜ በኋላ ለመፈተግ ከሚፈጀው ያንሳል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፣ እናንተም ፕላስተር ለማትረፍ ብላችሁ ስቴኪኒ ይዛችሁ ስትንበረከኩ ትውላላችሁ። ዋክስ በብዛት ስለተቀባ አያምርም። ቀለሙ የሚይዘው ስሱን ነው፣ ትርፉ ጥጋጥግ ውስጥ ይሄዳል። ስፖንጁን መገጣጠሚያው ላይ አትጎትቱት፣ ጠርዙ ጋ ሲደርስ አንሱት። ጥላ ሥር ሥሩ፣ ብረቱ ይቀዝቅዝ። መመሪያው ሌላ ካላለ አንድ አካል ቀብታችሁ ጥረጉ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። መድረቁን ለማወቅ በጣት አንዴ ጠረግ አድርጉ። ጥርት ብሎ ከተነሳ ጊዜው ነው፣ ከተንሸራተተና ከቀባ ጠብቁ።

ስትጨርሱ የእጅ ባትሪ አብሩና በጎን በኩል አስጠግታችሁ እዩ። የነዳጅ መክደኛው ዙሪያ፣ ስፖኪዮው ሥር፣ የፊት መብራቱ ጠርዝ፣ ፓራውልቱ ከአካሉ የሚገናኝበት። በሮቹንና ኮፈኑን ሁለት ሦስቴ ከፍታችሁ ዝጉ። ተደብቆ የቀረው ዱቄት ያኔ ይወጣል። እሱን ጠርጋችሁ ነው ቁልፉን የምታስረክቡት።