ከልጆች ጋር ወደ ባህር ዳርቻ ሪዞርት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የ11፣ የ6 እና የ2 ዓመት ልጆች አሉን። የመረጥነው ሪዞርት «ኦል ኢንክሉሲቭ» (ምግብና መጠጥ ከክፍሉ ዋጋ ጋር አብሮ የሚከፈልበት) ነው፤ «ኮኔክቲንግ» ክፍሎችም አሉት ይላል። ከመክፈላችን በፊት ምን እናጣራ?

መልስ፦ መጀመሪያ ክፍሎቹን። «ኮኔክቲንግ» የሚባሉት በመካከላቸው የውስጥ በር ያላቸው ናቸው። ጎን ለጎን ሆነው በኮሪደር ብቻ የሚገናኙት ሌላ ናቸው፤ የ2 ዓመት ልጅ ለያዘ ቤተሰብ ደግሞ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። ማረጋገጫው ላይ «ክፍል ከተገኘ» የሚል ቃል ካለ ምንም ቃል አልተገባልዎትም። የውስጥ በር ያላቸው ሁለት ክፍሎች እንደተያዙልዎት በጽሑፍ ያስመልሱ፤ ከዚያ ይክፈሉ።

የበረንዳውን ነገርም ይጠይቁ። በፍርግርጉ ዘንጎች መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ትንሽ ልጅ ሊሾልክ ይችላል። ክፍተቱ ጠባብ ቢሆን እንኳ ወንበርና ጠረጴዛውን ገና እንደገቡ ከፍርግርጉ ያርቁ፤ ልጅ የሚወጣው በእነሱ ላይ ነው። ምድር ቤት ከሆነ በሩ በቀጥታ ወደ መዋኛ ገንዳው ይከፈት እንደሆነ፣ ልጅ የማይደርስበት መቀርቀሪያ ይኑረው እንደሆነ ይወቁ።

«ኦል ኢንክሉሲቭ» እንደየሪዞርቱ ይለያያል። አብዛኛውን ጊዜ ቡፌውንና የተወሰኑ መጠጦችን ይይዛል። በሜኑ የሚታዘዝባቸው ምግብ ቤቶች፣ ባለሞተር የውሃ ላይ ጨዋታዎች፣ ስፓና የማታ ሞግዚት ብዙ ጊዜ ለብቻ ይከፈልባቸዋል። የትልቁን ልጅ ዕድሜ በተመለከተም አንድ ነገር አለ፦ ብዙ ቦታ የልጅ ዋጋ 12 ዓመት ላይ ያበቃል፤ በቆይታችሁ መሃል ልደቱ ካለ የሚቆጠረው የትኛው ቀን እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ክፍል የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ነው። ጠዋት ከደረሳችሁ ሻንጣው እንግዳ መቀበያው ይቀመጣል፤ ስለዚህ የዋና ልብስ፣ ዳይፐርና መድኃኒት በእጅ ቦርሳ ይሁኑ።

ጥያቄ፦ ገንዳውም ባህሩም ሕይወት አድን ሠራተኛ አላቸው። እኛ ወላጆች ጥላው ሥር ቁጭ ብለን ብንመለከት አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ይህን ረዘም አድርገን የምንመልሰው ሪዞርት የሚያዘናጋ ቦታ ስለሆነ ነው። ሁሉም ነገር ያማረና የተሟላ ሲሆን ሁሉም «ሌላ ሰው እያየ ነው» ብሎ ያስባል።

መስጠም ብዙ ጊዜ ጩኸት የለውም። ለመጮህ ትንፋሽ ያስፈልጋል፤ የሚሰጥም ልጅ ደግሞ አፉ ከውሃው በላይ ብቅ የሚለው ለቅጽበት ነው። ሰውነቱ እንደ ቆመ ሰው ቀጥ ይላል፤ ራሱ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ እጆቹ ወደ ጎን ተዘርግተው ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ። ከሩቅ ላየው የሚጫወት ይመስላል። ሙሉ በሙሉ እስኪሰጥም ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ብቻ ሊወስድ ይችላል፤ ስልክ ላይ አንድ መልእክት አንብቦ ለመመለስ የሚፈጀው ጊዜ ማለት ነው።

ስለዚህ ዋና የማይችል ልጅ ውሃ ውስጥ ሲሆን አንድ አዋቂ አብሮት ይግባ፤ እጁን ዘርግቶ ሊነካው የሚችልበት ርቀት ላይም ይሁን። ተረኛው በስም ይታወቅ፤ በየ15 ደቂቃው ስትቀያየሩ «አሁን አንቺ ነሽ» ተባባሉ፤ ተቀባይዋም «እሺ፣ ያዝኩ» ብላ ትመልስ። በአየር የሚነፉት የክንድ ፊኛዎች መጫወቻ ናቸው፤ ይሾልካሉ፣ ይተነፍሳሉ። በልጁ ክብደት ልክ የተሠራ ላይፍ ጃኬት ይያዙ፤ ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ሲስቡት ጆሮውን አልፎ ከወጣ ሰፍቶታል። ረጅም ፀጉር ይታሰር፤ የገንዳው ውሃ መምጠጫ ክዳን ተሰብሮ ወይም ወልቆ ካዩ ማንም አይግባ፤ ፀጉርንም አካልንም ስቦ ይይዛልና።

ባህሩ ላይ ባንዲራውን ያንብቡ። ከላይ ቀይ ከታች ቢጫ በሆኑ ሁለት ባንዲራዎች መካከል ያለው ሥፍራ ጠባቂ አለው። ቀይ አደገኛ ማዕበል ወይም ሞገድ አለ ማለት ነው፤ ሁለት ቀይ ውሃው ተዘግቷል፤ ሐምራዊ እንደ ጄሊፊሽ ያሉ ተናዳፊዎች አሉ ማለት ነው። ግራና ቀኙ አረፋ እየደፈቀ መሃሉ ላይ ጠቆር ያለ ጸጥተኛ መስመር ካዩ ደግሞ ከዚያ ይራቁ። ጸጥ ማለቱ ልጆችን ይስባል፤ ነገር ግን ወደ ጥልቁ የሚጎትተው ሞገድ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ከተያዙ ወደ ዳር ለመመለስ አይታገሉ፤ ተንሳፍፈው እጅዎን እያወዛወዙ እርዳታ ይጥሩ፤ አቅም ካለዎት ከዳርቻው ጎን ለጎን ይዋኙና ከጉተታው ሲወጡ ይመለሱ።

ጥያቄ፦ ልጄ ኤስፒኤፍ 50 የሚል የፀሐይ መከላከያ ቅባት ተቀብታ፣ ጥላ ሥር ሆና፣ ለምን ተቃጠለች?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቅባቱ ስለሚያንስ ነው። አዋቂ ሰው መላ ሰውነቱን ለመቀባት 35 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም 7 የሻይ ማንኪያ ያስፈልገዋል፤ የ6 ዓመት ልጅ ግማሽ ያህሉን። በስሱ ከተቀባ 50 የተባለው ቁጥር የሚሰጠው መከላከያ በጣም ይቀንሳል። ከመውጣታችሁ 15 ደቂቃ በፊት ይቀቧት፤ በየ2 ሰዓቱና ከውሃ በወጣች ቁጥር ይድገሙ። ጆሮ፣ ማጅራት፣ የእግር ጀርባና የፀጉር ክፍያው መስመር የሚረሱ ቦታዎች ናቸው። ጥላው ከላይ የሚመጣውን ብቻ ይከለክላል፤ አሸዋውና አረፋው ጨረሩን ከጎን ይመልሱታል። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት እጅጌ ያለው የዋና ልብስ ከማንኛውም ቅባት ይሻላል። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ግን በጥላና በልብስ ይጠበቅ እንጂ ቅባቱ አይመከርለትም።

ጥያቄ፦ የ2 ዓመት ልጃችን ኪድስ ክለብ (የሪዞርቱ የልጆች መዋያ) ትገባለች?

መልስ፦ በብዙ ሪዞርቶች አትገባም፤ ብዙውን ጊዜ ከ4 ዓመት ጀምሮ፣ ሽንት ቤት መጠቀም የለመዱትን ነው የሚቀበሉት። ለትልልቆቹ ሲያስመዘግቡ ግን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ አንድ ሞግዚት ስንት ልጅ ይይዛል፣ ልጆቹን ወደ ውሃ ይወስዷቸዋል ወይ፣ ልጁን ከእናንተ ሌላ ለሚመጣ ሰው ያስረክባሉ ወይ። ሁለተኛው መልስ «አዎ» ከሆነ ያለ እናንተ ፈቃድ እንዳይወስዱ ቅጹ ላይ ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ቡፌ በበላን ቁጥር አንዱ ልጅ ሆዱን ይታመማል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ቡፌው እንደተከፈተ ብሉ። ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች መሆን አለበት፤ ለብ ያለ ሩዝ፣ በረዶ ያልተደረገበት ማዮኔዝ ያለው ሰላጣና ፀሐይ ላይ የቆየ የባህር ምግብ ይለፏችሁ። ተቅማጥ ከጀመረው በከረጢት የሚሸጠውን፣ በውሃ የሚበጠበጥ ኦአርኤስ (የተቅማጥ ንጥረ ነገር) ይስጡት፤ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው በትንሽ በትንሹ ያጠጡት። ደም ካየ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ከደካከመ ሐኪም ይጠራ። እስኪሻለው ድረስ ገንዳ አይግባ፤ የዋና ዳይፐር ተቅማጥን አይዝም።