ቀለሁን በሎሚ አትሹት፦ የዓርብ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ለአዲሶች፦ ቢሾፍቱ አየር ኃይል ጥገና ክፍል ነበርኩ። አሁን ባሕር ዳር ጣና ዳር ጡረታዬን እበላለሁ። ስለ አሮጌ አውሮፕላንና ከጦርነት ስለተረፈ ዕቃ ጠይቁኝ። እንደ ሁልጊዜው ሁለት ነገር፦ ያልፈነዳ ነገር አትንኩ። ያገኛችሁትን አታጽዱ።

ከአዲስ ዘመን፦ ጋሼ፣ ቁልቋል በር አካባቢ ማሳ ሲታረስ አንድ ትልቅ ባዶ የጥይት ቀለህ ወጣ። የአውሮፕላን ነው ይሉኛል። እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ ይሄ ነው ጥያቄ ማለት! ማስመሪያ አምጣ። ከቂጡ እስከ አፉ ለካው። 81 ሚሊሜትር ከሆነ የጣሊያን ባለ 12.7 ሚሊሜትር ጥይት ሳይሆን አይቀርም፤ ብሬዳ ሳፋት የሚባለው የአውሮፕላን መትረየስ የሚተኩሰው። 99 ከሆነ የምድር ከባድ መትረየስ ሊሆን ይችላል። 56 ከሆነ ጣጣ ነው። የእንግሊዝ ጠመንጃም፣ የግላዲያተር አውሮፕላንም፣ የጣሊያኑ ትንሹ መትረየስም ያንኑ 7.7 ነበር የሚጎርሱት። ያኔ ቂጡ ላይ ያለውን ማህተም በደንብ አንብብ።

81 ከሆነ ግን ቁጭ በልና ስማኝ። በ1934 መኸር ጎንደር ላይ ለጣሊያን የቀሩት ተዋጊ አውሮፕላኖች ሁለት ፊያት ሲ አር 42 ብቻ ነበሩ። ባለ ድርብ ክንፍ፣ አብራሪው ፊቱ ለንፋስ የተጋለጠ። አንዱን ማላቮልቲ የሚባል አብራሪ ይዞ ወጣ፤ ጥቅምት 14 የደቡብ አፍሪካ ግላዲያተር መትቶ ጣለው። በማግስቱ የመቱት ሰዎች ተመልሰው መጥተው «ጀግና ነበር» የሚል ወረቀት ጣሉለት። ሁለተኛው በኅዳር ቁልቋል በር ላይ ተኩሶ ተመለሰ። መሬት እንደነካ ሞቴ የሚባለው አብራሪ በገዛ እጁ አውሮፕላኑን አወደመው። ኅዳር 18 ጎንደር እጅ ሰጠች። እንግዲህ ምን እንደያዝክ ይግባህ። ማሳው የማን እንደሆነ፣ የቱ ጥግ እንደወጣ፣ ቀኑን ጻፍ። ይሄ ካልተጻፈ ቁርጥራጭ ናስ ነው።

እርሳሱ፣ ማለትም የሚወነጨፈው ጫፍ፣ አብሮት ካለ ግን አታንሳው። ምልክት አድርግና ፖሊስ ጥራ።

ከቀበሌ 14፦ የጣሊያን የብረት ቆብ አለኝ። ስንት ያወጣል?

መልስ፦ ዋጋ አልናገርም።

ከዚያው ከቀበሌ 14፦ በግምት?

መልስ፦ በግምትም።

ከፒያሳ፦ ሚግ 23 የት ሄጄ ነው የማየው?

መልስ፦ ሦስተኛ ጊዜ ተጠየቀ። ካምፕ ውስጥ ስላለ ነገር አላወራም።

ከፒያሳ፦ እሺ ኤፍ 5 ነው ወይስ ሚግ 21 የሚበልጠው?

መልስ፦ ኦጋዴን ላይ በ1969 ክረምት ተጠይቆ፣ እዚያው ተመልሷል። ስለ ኤፍ 5 አብራሪያችን ስለ ለገሠ ተፈራ አንብብ።

ከደብረ ታቦር፦ የበጌምድሩን ገዥ ራስ ጉግሳ ወሌን ያሸነፈው አውሮፕላን ነው ሲባል ያናድደኛል። እውነቱን ይንገሩን።

መልስ፦ የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ነው። ያመጣው ማዬ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ዓመት እንኳን ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 አንቺም ሜዳ ላይ ለውጊያ ዋለ። ቀድሞ የወረደው ወረቀት ነው። ጉግሳን የሚያወግዝ፣ አቡነ ቄርሎስ የፈረሙበት። ቦምቡ ከዚያ በኋላ ነው። አንድ የበጌምድር ገበሬ ራሱ ላይ የሚያጓራ ብረት ሲያይ፣ ከላዩም የጳጳሱ ውግዘት ሲወርድበት አስቡት። እኔን ብትጠይቁኝ ወረቀቱ ከቦምቡ የበለጠ ሠርቷል።

ከጎንደር፦ በሜዳው የተዋጋው የራስ ሙሉጌታ ጦር ተረሳ እንግዲህ።

ከደብረ ታቦር፦ ማን ረሳው? ጉግሳ ግን ለሚስቱ ለዘውዲቱ ብሎ ነው የተነሳው።

ከጎንደር፦ የተፋታች ሚስት!

መልስ፦ ይብቃችሁ። ይሄ የአውሮፕላን ወንበር ነው፣ የሽማግሌ አይደለም።

ከዘጌ፦ «ፀሐይ» የምትባለው አውሮፕላን የእኛ ናት ወይስ የጀርመን?

መልስ፦ ቬበር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ላይ ሠራት። በ1928 በረረች። ሞተሯ ቫልተር ቬኑስ፣ 115 የፈረስ ጉልበት። ስሟ የንጉሡ ልጅ የልዕልት ፀሐይ ነው። 30 ሰዓት ያህል እንደበረረች ጣሊያን ማርኮ ወሰዳት። ኋላም ብራቻኖ ሐይቅ ዳር ባለው የአየር ኃይላቸው ሙዚየም አቆዩዋት። ከ80 ዓመት በላይ ቆይታ በጥር 2016 ወደ አገሯ ተመለሰች። የማን ናት? እናቷ አዲስ አበባ ናት፣ ሞተሯ ከውጭ ነው። ዛሬ ከምንነዳው መኪና ግማሹስ እንዲሁ አይደል?

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የዚያ ዘመን አውሮፕላን ብዙው ገላው ሸራ ነው። ሸራው ዶፕ የሚባል ቅባት ይቀባና ሲደርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። በጣት ነካ ብታደርገው ድም ይላል። ያ ድምፅ ከጠፋ ሸራው ደክሟል። የሚገድለው ፀሐይ ነው፤ ስሟ ፀሐይ ሆኖ ሳለ! ቀጥሎ እርጥበት። ጣና ዳር የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ ክረምት ላይ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ጫማ ሻጋታ ያበቅላል። አውሮፕላን ለሐይቅ ቅርብ ሲቀመጥ መስኮት ይጋረዳል፣ አየር ይንቀሳቀሳል፣ የሌሊት ወፍ ይባረራል። የሌሊት ወፍ ሽንት ሸራንም አሉሚኒየምንም ይበላል።

ከግሽ ዓባይ፦ የናስ ዕቃን በሎሚና በአሸዋ ብወለውለው ያምርልኛል?

መልስ፦ መግቢያው ላይ ምን አልኩ?

ከግሽ ዓባይ፦ ትንሽ ብቻ ነው የነካሁት ጋሼ።

መልስ፦ ማህተሙ ጠፋ?

ከግሽ ዓባይ፦ ግማሹ።

መልስ፦ እግዜር ይይልህ። የቀረውን በወረቀት ጠቅልለህ ደረቅ ቦታ አኑር። ላስቲክ አይደለም፣ ወረቀት አልኩ።

ከዘጌ፦ ሰላም ጋሼ፣ ስለ አውሮፕላን የሆነ ነገር ይንገሩን።

መልስ፦ የሆነ ነገር ብዬ ነገርኩህ።

ከአዲስ ዘመን፦ ጋሼ ለካሁት። 81 ነው።

መልስ፦ ልብህ መታ አይደል? የኔም መታ። የፊታችን ዓርብ ይዘኸው ና። ማሳው ውስጥ ሌላ እንዳትቆፍር። ደግሞ ሎሚ ከቤት አውጣ።