ሰብ-ኢንተርን ስትሆኚ፦ ያዘዝሽው መፈጸሙን ማን ያያል?

የእህታችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከሁለት ሳምንት በኋላ በውስጥ ደዌ ክፍል የ4 ሳምንት ሰብ-ኢንተርንሺፕ (የሕክምና ተማሪ በሐኪም ክትትል ሥር እንደ ኢንተርን የምትሠራበት ልምምድ) ትጀምራለች። በስንት ታካሚ ልጀምር? ምን ላንብብ? ማታ ነርስ ስትጠራኝ ምን ላድርግ? "አላውቅም" ማለት ነጥብ ያስቀንሳል ወይ?

እስካሁን ባለፍሽባቸው ሮቴሽኖች ሥራሽ ታካሚውን ማወቅ ነበር። አሁን ግን ለታካሚው የተባለው ነገር ሁሉ መፈጸሙን የምትከታተዪው አንቺ ነሽ። ኦርደር (የሕክምና ትእዛዝ) ትጽፊያለሽ፣ ሬዚደንቱ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥነው ሐኪም) ይፈርማል፤ ያልተፈረመ ኦርደር እንዳልታዘዘ ቁጠሪው። ሰብ-ኢንተርን የሚወድቀው በእውቀት ማነስ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይደለም። ራውንድ (የታካሚዎች ጉብኝት) ላይ "የላቦራቶሪ ናሙናው ተልኳል" ይባላል፤ ሲጣራ ደሙ አልተቀዳም፣ ወይም ቱቦው ላይ ስም ስላልተጻፈ ላቦራቶሪው መልሶታል፣ ወይም ውጤቱ ከወጣ ሦስት ሰዓት ሆኖት ማንም አላየውም። ሦስቱም የሚቆጠሩት በአንቺ ላይ ነው።

መፍትሔው ተራ ነገር ነው። አንድ ነጭ ወረቀት አራት ቦታ አጥፈሽ ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ ክፍል ስጪ። ከየሥራው ፊት ትንሽ ሳጥን ሣዪ። ስታዢ ሳጥኑን በሰያፍ መስመር ክፈዪ፣ ግማሹን አጥቁሪ። ውጤቱን አይተሽ፣ ለሬዚደንቱ ነግረሽ፣ የሚደረገው ሲደረግ ሙሉውን አጥቁሪ። ግማሽ ጥቁር ሳጥን ይዘሽ ወደ ቤት አትሂጂ፤ ወይ ትጨርሺዋለሽ፣ ወይ ለተረኛው በስም ታስረክቢዋለሽ። ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል፣ ግን ራውንድ መሀል ስልክ የምትነካካ ተማሪ ምን እየሠራች እንደሆነ ማንም አያውቅላትም።

ቁጥሩን በተመለከተ በ2 ታካሚ ጀምሪ። ሁለቱን ያለ ሬዚደንቱ አስታዋሽነት ከያዝሽ በሁለተኛው ሳምንት 3 ወይም 4፣ ወደ መጨረሻው 5 ማድረስ ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን 6 ታካሚ የወሰደች ተማሪ የስድስቱንም ግማሽ ነው የምታውቀው። ተጨማሪ ከመጠየቅሽ በፊት አንድ ነገር ራስሽን ፈትኚ፦ ቻርት ሳትገልጪ የእያንዳንዱን ታካሚ የዛሬ ክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ የአንቲባዮቲኩን ስንተኛ ቀን እና ዛሬም ሆስፒታል የሚያቆየውን ምክንያት መናገር ትችያለሽ?

ጠዋት ከራውንድ በፊት ለምታውቂው ታካሚ 10–15 ደቂቃ፣ ለአዲስ ደግሞ ከዚያ በላይ መድቢ። መጀመሪያ ያደረችውን ነርስ ጠይቂ፤ ቻርት ላይ ያልተጻፈው እሷ ጋ ነው፣ ተረኛ ከተቀየረ በኋላ ደግሞ አታገኚያትም። ቀጥሎ ቪታል ሳይን (ሙቀት፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ አተነፋፈስ)፤ የመጨረሻውን ብቻ ሳይሆን የ24 ሰዓቱን። ማታ 9 ሰዓት ላይ 38.9 ደርሶ ጠዋት 36.8 የሆነ ታካሚ ትኩሳት የለበትም አይባልም። ከዚያ የገባና የወጣ ፈሳሽ፣ ክብደት።

ከዚህ በኋላ ብዙ ተማሪ የሚዘለው አለ፦ የመድኃኒት መስጫ ቅጹ። የታዘዘውን ሳይሆን የተሰጠውን የሚነግርሽ እሱ ነው። የልብ ድካም ላለባቸው አባት ፉሮስማይድ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) በደም ሥር ታዟል እንበል፤ ማታ ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቱቦ) ወጥቶ የሁለት ጊዜው መድኃኒት ሳይሰጥ አድሯል። ቅጹን ያላየች ሰብ-ኢንተርን "ሽንታቸው ቀንሷል፣ መጠኑን እንጨምር" ትላለች። ያየችው ግን ካኑላ ታስገባለች፣ ያመለጠውን ዶዝ ለሬዚደንቱ ትነግራለች፣ መጠኑም ባለበት ይቆያል። ፓራሲታሞል ስንት ጊዜ እንደተሰጠም እዚያው እዪ፤ ትኩሳቱ የጠፋው በአንቲባዮቲኩ ይሁን በእሱ ያለዚያ አይለይም።

ፕረዘንቴሽን ላይ ለነባር ታካሚ ከ3 ደቂቃ አትለፊ። በፍርድሽ ጀምሪ፦ "የ62 ዓመት እናት፣ በልብ ድካም ከገቡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ እየተሻላቸው ነው፣ ክብደታቸው ከ71 ወደ 69.2 ወርዷል፣ ግን ክሬቲኒናቸው በሁለት ቀን ከ0.9 ወደ 1.4 ወጥቷል።" ቁጥር ያለ ትናንቱ ምንም አይናገርም። "ክሬቲኒን 1.4" ብቻ ብትዪ ማንም ቀና ብሎ አያይሽም፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ከ0.3 በላይ መጨመሩ ሲነገር ግን አጣዳፊ የኩላሊት ጉዳት ነው። ከዚያ እቅድሽን በየችግሩ ተናገሪ፣ "እንዲህ ማድረግ ይቻል ይሆን?" ሳይሆን "ይህን እናድርግ፣ ምክንያቱም..." በዪ። እቅድሽ ተሳስቶ ቢታረም ጥሩ ነው። ያለ እቅድ መቅረብ ነው የሚያስቀይመው።

አዲስ ታካሚ ስትቀበዪ ምርመራውን ሁሉም ያስታውሰዋል፤ የሚረሳው ሌላው ነው፦ አለርጂ፣ ምግብ፣ ቪታል በየስንት ሰዓቱ እንደሚለካ፣ ቤት ሲወስዱት የነበረው መድኃኒት የቱ ይቀጥላል የቱ ይቆማል፣ የደም መርጋት መከላከያ። ኢኖክሳፓሪን 40 ሚሊግራም በቀን አንዴ ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት የኩላሊቱን ሥራ አስዪ፤ ክሬቲኒን ክሊራንሱ (የኩላሊቱ የማጣራት አቅም) ከ30 በታች ከሆነ መጠኑ ይቀነሳል ወይም በሄፓሪን ይተካል። የመድኃኒት ዝርዝር በቃል ብቻ አትቀበዪ፣ ብልቃጦቹን አስመጪና እዪ። ስትጽፊም ከነጥብ በፊት ዜሮ ይኑር፣ 0.5 እንጂ ነጥብ አምስት ብቻ አይሁን፤ ከሙሉ ቁጥር በኋላ ግን ነጥብ ዜሮ አትጨምሪ፣ 5.0 በችኮላ 50 ሆኖ ይነበባል። ኢንሱሊን ላይ "ዩኒት" የሚለውን ሙሉውን ጻፊ።

የትናንትን ኖት ገልብጦ ቀን መቀየር ይቀልላል፤ ትናንት የወጣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) በጽሑፍ አራት ቀን የሚቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሲኒየሩ ያንን አንዴ ካየ ቀሪውን ኖትሽን አያምነውም።

ማታ ስትጠሪ። ነርሷ "የ4 ቁጥር ታካሚ ፖታሲየም 6.8 መጣ" አለችሽ እንበል፤ ልብን የሚያሰጋ ከፍተኛ መጠን ነው። በስልክ አትመልሺ፣ ሂጂ። እየሄድሽ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) እንዲነሣ ንገሪ። አልጋው ጋ ደርሰሽ ታካሚውን እዪ፣ ቪታል ለኪ፣ ኢሲጂው ላይ ፖታሲየሙ ልብን መንካቱን የሚያሳዩትን የሾለ ቲ ዌቭ፣ የጠፋ ፒ ዌቭ፣ የሰፋ ኪውአርኤስ ፈልጊ። ናሙናው ሄሞላይዝድ (ቀይ የደም ሴሎቹ ፈርሰው ፖታሲየሙን በሐሰት ከፍ ያደረጉበት) እንደሆነ ላቦራቶሪውን ጠይቂ፣ ድጋሚ ደም ይቀዳ፤ ግን የድጋሚውን ውጤት ሳትጠብቂ ለሬዚደንቱ ደውዪ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ "እርግጠኛ ልሁንና እደውላለሁ" ሲሉ አንድ ሰዓት ይሄዳል።

ስልኩ ላይ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የፈለግሽውን ተናገሪ፦ "ዶክተር፣ 4 ቁጥር ፖታሲየማቸው 6.8 ነው፣ ኢሲጂው ላይ ቲ ዌቩ ሾሏል፣ ቢመጡልኝ። ቢፒ 118 በ70፣ ንቁ ናቸው። ጠዋት 5.6 ነበር፣ ስፓይሮኖላክቶን ላይ ናቸው። ካልሲየም ግሉኮኔት እያዘጋጀን ነው፣ እንጀምር?" እንዲህ ስትዪ ሬዚደንቱ የሚጠይቅሽ ነገር አይቀረውም።

የተለመደው አካሄድ ኢሲጂ ለውጥ ካለ ካልሲየም ግሉኮኔት 10 ፐርሰንት 10 ሚሊ ሊትር በደም ሥር ቀስ ብሎ ነው። ይህ ልብን ይጠብቃል እንጂ ፖታሲየሙን አያወርድም፤ ጉልበቱም ከ30–60 ደቂቃ አያልፍም። የሚያወርደው ሬጉላር ኢንሱሊን 10 ዩኒት ከ25 ግራም ግሉኮስ ጋር ነው፣ ይኸውም 50 ፐርሰንት ዴክስትሮስ 50 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አደጋው የሚመጣው ሁሉም ከተረጋጋ በኋላ ነው፦ የደም ስኳር እስከ 6 ሰዓት ድረስ በየሰዓቱ መለካት ሲገባው ከአንድ ጊዜ በኋላ ይረሳል፣ በተለይ ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ኢንሱሊኑ ስለሚቆይ ከሰዓታት በኋላ ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል። ሳጥኖቹን ሥራዬ ብለሽ ሣያቸው፦ ስኳር ስድስት ጊዜ፣ ፖታሲየም ከ1–2 ሰዓት በኋላ፣ ፖታሲየም የሚያስቀረው ስፓይሮኖላክቶን ይቁም፣ ፖታሲየም የተጨመረበት የደም ሥር ፈሳሽ ተሰቅሎ ከሆነ ይነቀል። ኢንሱሊኑ ፖታሲየሙን ወደ ሴል ያስገባዋል እንጂ ከሰውነት አያወጣውም፤ ተመልሶ ይወጣል።

በራስሽ ሳትወስኚ ወዲያው የምትደውዪባቸው እነዚህ ናቸው፦ የላይኛው የደም ግፊት ከ90 በታች፣ የልብ ምት ከ130 በላይ ወይም ከ40 በታች፣ ኦክስጅን ከ90 በታች፣ አተነፋፈስ ከ30 በላይ፣ አዲስ የንቃት ለውጥ፣ ሽንት በሰዓት ከ0.5 ሚሊ ሊትር በኪሎ በታች፤ ለ70 ኪሎ ሰው ከ35 በታች ማለት ነው። "ቁጥሩ ደህና ነው፣ ግን ሁኔታቸው ደስ አላለኝም" ያለች ልምድ ያላት ነርስም ከዚሁ ዝርዝር ውስጥ ናት።

ርክክብ ላይ አይ-ፓስ የሚባለውን ቅደም ተከተል ተጠቀሚ፦ ታካሚው ምን ያህል ታሟል፣ ባጭሩ ማን ነው፣ ምን ሥራ ቀርቷል፣ ማታ ምን ሊፈጠር ይችላል፣ በመጨረሻም ተረካቢው ደግሞ ይነግርሻል። የመጨረሻው አሳፋሪ ይመስልና ይዘለላል፤ ስህተቱ የሚያዘው ግን እዚያ ላይ ነው። "ሄሞግሎቢን ተከታተይ" ርክክብ አይደለም። "ማታ 3 ሰዓት ሄሞግሎቢን ይታያል፤ ከ7 በታች ከሆነ አንድ ዩኒት ደም ይሰጥ፣ ክሮስማች (የደም ማመሳከሪያ) ተደርጓል፣ ስምምነት ተፈርሟል፣ ካኑላው ግራ እጅ ላይ ነው" ነው ርክክብ።

ንባቡን በተመለከተ በሁለት ሳምንት መጽሐፍ አትጨርሺም፣ አትሞክሪውም። ማታ የሚያስጠሩትን ነገሮች ብቻ ያዢ፦ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የግፊት መውረድ፣ ትኩሳት፣ የሽንት መቀነስ፣ የንቃት ለውጥ፣ የስኳር መውጣትና መውረድ፣ ፖታሲየምና ሶዲየም፣ ከአልጋ መውደቅ፣ ሕመም ማስታገሻ። ለእያንዳንዱ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች የሚደረገውን በግማሽ ገጽ ጻፊ። ቀሪውን ታካሚዎችሽ ያስነብቡሻል።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ሬዚደንቱን "ምን ላሻሽል?" ብለሽ ጠይቂው፤ "እንዴት ነኝ?" ካልሽው "ጎበዝ ነሽ" ብሎ ያልፋል።

"አላውቅም" ነጥብ አያስቀንስም፣ "አላውቅም፣ ከሰዓት አንብቤ እነግርሃለሁ" ብለሽ ሳትነግሪ መቅረት ነው የሚያስቀንሰው። ያልመረመርሽውን "ኖርማል ነው" ማለት ግን የነጥብ ጉዳይ አይደለም፤ ሆዱን ካልነካሽ "ዛሬ ሆዱን አልመረመርኩም" በዪና ራውንዱ እንዳለፈ ተመልሰሽ መርምሪ፣ ያገኘሽውንም ለሬዚደንቱ ንገሪ።