ልጄ ደሙ አይረጋም፤ ለሕክምናው ገንዘብ መለመናችን ከእምነት ማነስ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የመጀመሪያ ልጄ ሲገረዝ ደሙ አልቆም ብሎ ለጥቂት ተረፈ፤ ዓመት ሲሞላው እንጥሉን አስቆርጠነው ደሙ ሳይቆም አረፈብኝ። ሁለተኛው አሁን ስምንት ዓመቱ ነው። ጉልበቱ እያበጠ ሲያስቸግረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወስደነው ሄሞፊሊያ ኤ የሚባል፣ በዘር የሚተላለፍ በሽታ እንዳለበት ተነገረን። እሱን ፈርቼ አላስገረዝኩትም። የባለቤቴ ወገኖች ግን «ያልተገረዘ ክርስቲያን የት አለ?» ይሉኛል፤ በሽታውንም «ከእሷ ወገን የመጣ የደም ዕዳ ነው፤ አያቷ ሰው ገድለዋል» ይላሉ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ የልጁን ፎቶ በኢንተርኔት አውጥቶ «በአንድ ወር ውስጥ ካልታከመ ይሞታል» ብሎ ገንዘብ እያሰባሰበ ነው፤ በአንድ መርፌ የሚያድን መድኃኒት ስለወጣ እዚያ ወስዶ ሊያሳክመው ነው። ጎረቤቶቼ ደግሞ «እምነት ቢኖርሽ ጠበሉ ይበቃሽ ነበር፤ በልጅ ገላ መለመን ነውር ነው» አሉኝ። ልጁስ ድዱ ሲደማ መቁረብ ይችላል? ታናሽ እኅቴ ልታገባ ነው፤ ለእጮኛዋ መንገር አለባት? — ወለተ ማርያም

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ማርያም፣ የልጅሽን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልሽ፤ ላንቺም መጽናናቱን ይስጥሽ። ብዙ ነገር ነው የጠየቅሽው። ከሁሉ በፊት ግን የደም ዕዳ የሚባለውን እናንሣ፤ እሱ ልብሽ ላይ እንደተጫነ የቀረውን ብነግርሽ አይገባሽም።

ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ የጠየቁት የባልሽ ወገኖች የሚጠይቁትን ነው፤ «ኃጢአት የሠራ ማን ነው? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ጌታም እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት አልሠሩም፣ የእግዚአብሔር ሥራ ሊገለጥበት ነው አላቸው (ዮሐ. 9)። በነቢዩ በሕዝቅኤል ዘመንም ሰዉ «አባቶች ጨርቋ የወይን ፍሬ በሉ፣ የልጆችም ጥርሶች ጠረሱ» እያለ ይተርት ነበር፤ እግዚአብሔር ይህን ተረት ዳግመኛ እንዳትተርቱት ብሎ ከለከለ፤ «ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም» አለ (ሕዝ. 18)። የሚጠቅሱብሽ ቃል በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 ያለው «እስከ ሦስተኛና እስከ አራተኛ ትውልድ» የሚለው እንደሆነ አውቃለሁ። እዚያው ላይ ግን «በሚጠሉኝ» የሚል አለበት፤ በአባቶቹ ክፋት ለሚጸና ትውልድ የተነገረ ነው እንጂ አልጋ ላይ ጉልበቱን ይዞ ለሚያለቅስ ሕፃን አይደለም። አያትሽ ሰው ገድለው ቢሆን እንኳ ያ በእሳቸውና በፈጣሪያቸው መካከል ያለ ነው።

በሽታው ከእናት በኩል ይመጣል ማለታቸው እውነትነት አለው፤ ከዚያ ላይ ተነሥተው አንቺን መክሰሳቸው ነው ስሕተቱ። ወንድ ልጅ ኤክስ የሚባለውን ክሮሞዞም ከእናቱ፣ ዋይ የሚባለውን ከአባቱ ይወስዳል። ደምን የሚያረጋው ፋክተር ስምንት የሚሠራበት ትእዛዝ ያለው ኤክሱ ላይ ነው። እናት ሁለት ኤክስ አላት፤ አንዱ ጎደሎ ቢሆን ሌላው ስለሚያግዛት ብዙ ጊዜ ሳይታወቃት ትኖራለች። ከምትወልዳቸው ወንዶች እያንዳንዱ በሽታውን የመውረስ ዕድሉ እኩሌታ ነው፤ ሴቶቹም ተሸካሚ የመሆን ዕድላቸው እንዲሁ። ከታማሚዎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ደግሞ በዘራቸው ማንም ታሞ አያውቅም፤ ለውጡ በእነሱ ወይም በእናታቸው ይጀምራል። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ ሌኦፖልድ የዚህ በሽታ ወንድም የሆነው፣ በዚሁ መንገድ የሚተላለፈው ሄሞፊሊያ ቢ ነበረበት፤ የኦርቶዶክሳዊው የሩስያ ንጉሥ የኒኮላስ ልጅ አሌክሲም ነበረበት። ባለቤትሽ ይህን አንብቦ ለእናቱና ለእኅቶቹ ራሱ ቢነግርልሽ እወዳለሁ። ካንቺ አፍ ከሚሰሙት ከእሱ ቢሰሙት ይቀላቸዋል፤ ሚስቱን ከሐሜት መጠበቅም የእሱ ድርሻ ነው።

ስለ ግርዘቱ በልጅሽ ሕይወት ላይ አትደራደሪ። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. ሃይማኖታቸውን ለካቶሊካውያኑ ባስረዱበት ጽሑፍ፣ የምንገረዘው እንደ አይሁድ ሕግ አድርገነው አይደለም፣ እንደ አገር ልማድ ነው ብለው የቅዱስ ጳውሎስን ቃል ጠቅሰዋል፤ መገረዝም አለመገረዝም አይጠቅምም የሚለውን። ልጅሽን ክርስቲያን ያደረገችው ጥምቀቱ ናት። ግርዘትን እንደ ሕግ የያዙት አይሁድ እንኳ ሁለት ወንድማማቾች በግርዘት ደም ከሞቱ ሦስተኛው አይገረዝ ብለው ከጥንት ወስነዋል። ወደፊት ይገረዝ ከተባለም ሐኪሙ ፋክተር (የጎደለውን የሚተካውን መርፌ) አዘጋጅቶ ሆስፒታል ውስጥ ይሁን።

እግረ መንገዴን ልንገርሽ፤ የወተት ጥርስ ማስነቀል፣ ዋግምት፣ ያበጠ ጉልበት በወጌሻ ማሳሸት ለዚህ ልጅ አይሆኑም። ሥጋ ላይ የሚወጋ መርፌም ሲታዘዝለት መጀመሪያ በሽታውን ለሚያውቀው ሐኪም ንገሪ። ለሕመም ሲባል አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አትስጪው፤ ደሙን ያባብሱታል።

ወደ ጠበሉ ልምጣ። ልጅሽን ጠበል ውሰጂው፣ አስጠምቂው፣ አጠጪው። ማንም ግን «መርፌውን ካላቋረጥሽ አይሠራም» ቢልሽ አትስሚው፤ ይህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብረው፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ ነው ይላል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜ ብዙዎች ጠበል ቦታ ሆነው መድኃኒታቸውን ሲጥሉ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ አስተምረዋል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳት ሴትም ገንዘቧን ሁሉ በባለ መድኃኒቶች ከስራ ነው ወደ ጌታ የመጣችው። «ለምን ሐኪም ቤት ሄድሽ?» አላላትም፤ «ልጄ ሆይ» አላት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ለታመመ ልጅ እርዳታ መጠየቅ ከእምነት ማነስ አይደለም፤ ነውርም አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች ከመቄዶንያና ከአካይያ ገንዘብ ሲያሰባስብ ኖሯል። «ከእናንተ እያንዳንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከም» ብሎ ያዘዘም እሱ ነው (ገላ. 6፥2)። ሸክሙን የማይናገር ሰው ይህን ትእዛዝ ማን ይፈጽምለታል? የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽንን በ1963 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ፍራንክ ሽናብል ራሱ ይህ በሽታ የነበረበት ሰው ነው፤ ዛሬ በአገራችን ልጆች የሚወጉት ፋክተር በብዛት የሚመጣው በዚሁ ፌዴሬሽን እርዳታ ነው። አንድ ሕመምተኛ አፍሮ ዝም ባለማለቱ ያንቺም ልጅ ደርሶታል።

ይሁን እንጂ ወንድምሽ በያዘው መንገድ ላይ የምቃወማቸው ነገሮች አሉ። ክፉ እንዳላሰበ አውቃለሁ፤ ከእኅቱ ልጅ ሞት በኋላ የሁለተኛውን ሕመም ሲሰማ ደንግጦ ነው።

«በአንድ ወር ውስጥ ይሞታል» የሚለው እውነት አይደለም። ይህን ያለ ሐኪም የለም። ለበጎ ሥራ ተብሎ የተነገረ ሐሰት ሐሰትነቱን አይተውም፤ ከዚያም በላይ ወሩ አልፎ ልጁ በሕይወት ሲኖር የሰጠው ሰው ተታለልኩ ይላል፤ ነገ ሌላዋ እናት በእውነት ስትለምን ጆሮውን ይደፍንባታል። በአንድ መርፌ ያድናል የተባለውም ሄምጀኒክስ ይሆናል፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲፈቀድ ዋጋው 3.5 ሚሊዮን ዶላር ነው ተብሎ ብዙ የተወራለት። እሱ ሄሞፊሊያ ቢ ላለባቸው አዋቂዎች ነው። የልጅሽ ኤ ነው፤ ለኤ በ2023 እ.ኤ.አ. የተፈቀደውም ለአዋቂዎች ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ይዞ ለዚህ ገንዘብ መሰብሰብ ለማይሆን ነገር መሰብሰብ ነው። ወንድምሽ ጽሑፉን ዛሬውኑ ያስተካክል፤ እስካሁን ለሰጡትም እውነቱን ይጻፍላቸው፣ ገንዘቤ ይመለስልኝ ያለ ካለ ይመልስለት።

ፎቶውንም ያውርደው። ልጁ እያለቀሰ፣ ሱሪው ተሰብስቦ፣ ጉልበቱ ያበጠበትን ሥዕል ነገ የክፍል ጓደኞቹ ያዩታል፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላውም ራሱ ያገኘዋል። ጎረቤቶችሽ «በልጅ ገላ መለመን» ያሉት ቃሉ ቢከብድም ይህችን አይተው ከሆነ እውነት አላቸው። ፊቱ ሳይታይ፣ ስሙ ሳይጠራ፣ የሐኪሙ ማስረጃ ተያይዞ መጠየቅ ይቻላል። ለሚሰጥ ሰው ከማስረጃው በላይ ምን ያስፈልገዋል? ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ ደግሞ ይሰማል፤ ስለ እሱ ምን እንደሚባል ንገሩት፣ አልወድም ያለውንም አታውጡ።

ገንዘቡ ምን እንደሚያደርግም በግልጽ ይጻፍ። ይህ በሽታ ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ነው፤ አንድ ጊዜ ተሰብስቦ የሚያልቅ አይደለም። ፋክተሩ በእርዳታ ሲገኝ እንኳ ለትራንስፖርቱ፣ አዲስ አበባ ለሚታደርበት ክፍል፣ አንቺ ከሥራ ለምትቀሪበት ቀን፣ ለፊዚዮቴራፒ ይወጣል። ብልቃጦቹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ፤ ቤት ይዛችሁ የምትወጉት ከሆነ ፍሪጅ ያስፈልጋል፤ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን በአውቶቡስ 130 ኪሎ ሜትር ሲመጣም በበረዶ ሣጥን ተይዞ ነው። እነዚህን በየወሩ ስንት እንደሚፈጁ አስልታችሁ ጻፉ። ሰው ለሦስት ሚሊዮን ዶላር አንዴ ሰጥቶ ይረሳል፤ ለበረዶ ሣጥንና ለአውቶቡስ ግን በየወሩ ትንሽ ትንሽ የሚሰጥ ዘመድ፣ የሰንበቴ ማኅበር፣ እድር አታጪም።

ሒሳቡ በአንድ ሰው እጅ አይሁን። ሐዋርያው ያን ገንዘብ ብቻውን አልያዘውም፤ ቲቶን፣ አብያተ ክርስቲያናትም የመረጡትን ወንድም አብሮ ላከ። ምክንያቱንም ተናገረ፤ «በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን ነገር ግን በሰው ፊት ደግሞ መልካም የሆነውን እናስባለንና» (2ኛ ቆሮ. 8፥21)። ሐዋርያ ሆኖ እንዲህ ከተጠነቀቀ እኛማ እንዴት? ወንድምሽ እዚያ ካለው ደብር አንድ ሰው ይጨምር፤ እዚህም አንቺ፣ ባለቤትሽና ከሰበካ ጉባኤው አንድ የታመነ ሰው በሦስት ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ክፈቱ። ደረሰኝ አስቀምጡ፤ በየሦስት ወሩ ለሰጪዎች አሳውቁ። የተረፈ ካለ በዚያው ሆስፒታል ወረፋ ስትጠብቂ አጠገብሽ ለምትቀመጠው እናት ይሁን፤ ይህንንም ከመጀመሪያው ንገሯቸው። ለልጁ የተሰጠውን ለሌላ ነገር፣ ለዕዳ መክፈያ ቢሆን እንኳ፣ ሳያስታውቁ ማዋል የአደራ ገንዘብ መብላት ነው።

ድዱ ሲደማ ስለ መቁረቡ። ደሙ እስኪቆም ይቆይ፤ አፉ እየደማ አይቀበል። እንዲህ የሚደረገው ልጁ ረክሶ አይደለም፤ ደሙን ሲተፋ ቅዱስ ቁርባኑ አብሮ እንዳይወጣ ለክብሩ ነው። ይህን ለእሱም አስረጂው፤ «እግዚአብሔር ገፋኝ» ብሎ እንዳያድግ። የቆረበ ዕለት ጉልበቱ ወይም ሌላ ቦታ ደም ከጀመረው ደግሞ መርፌውን ሳትዘገዪ ይወጋ። በሬው በሰንበት ጉድጓድ ቢወድቅበት ወዲያው የማያወጣ ማን ነው ያለው ጌታ ነው (ሉቃ. 14፥5)። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት፤ በደነገጣችሁበት ሰዓት ማን ምን ይበለን ብላችሁ እንዳታመነቱ።

እኅትሽን በሚመለከት፣ አዎ፣ ትንገረው። መጀመሪያ ግን ትመርመር፤ ተሸካሚ ላትሆንም ትችላለችና ባልተረጋገጠ ነገር አትሸማቀቅ። ሆና ከተገኘች ከተክሊሉ በፊት፣ ሽማግሌ ሳይሰማ፣ ለሁለት ተቀምጠው ትንገረው፤ ከፈለጉ ሐኪሙ ጋር አብረው ይሂዱ። ተሸካሚነት ኃጢአት አይደለም፤ አውቆ ደብቆ ኪዳን መግባት ግን ጋብቻውን በሐሰት መጀመር ነው። ሰምቶ ቢሄድ ያሳዝናታል፤ ያንቺን የዛሬ ኑሮ ግን አይታለች፤ ባልሽ ዐውቆ ገብቶበት ቢሆን ኖሮ ወገኖቹ ያን ሁሉ ሲናገሩሽ ዝም ባላለ ነበር። ሰምቶ ከቆየ ደግሞ የልጅ ነገር ከሐኪምና ከንስሐ አባት ጋር ሆነው የሚመክሩበት ነው። አንዳንድ ተሸካሚ ሴቶች በወሊድ ጊዜ ብዙ ሊደማቸው ስለሚችል ቤት አትውለድ፤ ሐኪሟም አስቀድሞ ይወቅ፤ ወንድ ልጅ ከወለደችም ሳይመረመር ማንም ምላጭ አያቅርብበት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።