ዶሜንና ሆስቲንግ ለጀማሪ፦ የባህር ዳር ልጆች ጥያቄና መልስ

አባይ ማዶ፦ እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ ስለ ዶሜንና ሆስቲንግ የምታቀርቡትን ጥያቄ እመልሳለሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው መጣሁ። ሱቅ ያላችሁ፣ ጀልባ ያላችሁ፣ ፔዳና ፖሊ (የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች) ተምራችሁ ለሰው ዌብሳይት መሥራት የጀመራችሁ፣ ሁላችሁም ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። ዶሜናችሁ በራሳችሁ ኢሜይል በተከፈተ አካውንት ይመዝገብ። የሚሠራላችሁ ልጅ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ዘመድም ቢሆን፣ በእሱ አካውንት አይመዝገብ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እለዋለሁ፣ አትሰልቹኝ።

ጥያቄያችሁንም ዘርዝሩት። «ሳይቴ አይሠራም» ብቻ ካላችሁኝ የምላችሁ ነገር የለኝም።

ቲጂ ጥልፍ፦ እኔ ከዜሮ ነው የምጀምረው። ሽምብጥ አካባቢ የሐበሻ ልብስ እሰፋለሁ። ዶሜንና ሆስቲንግ አንድ ነገር አይደሉም እንዴ? ሁለት ጊዜ ልከፍል ነው?

አባይ ማዶ፦ እህቴ፣ ሁለት ነገር ናቸው። ዶሜን ስሙ ነው፤ ሰው ብሮውዘር ላይ የሚጽፈው። ሆስቲንግ ፎቶሽና ጽሑፍሽ የሚቀመጥበት፣ ሌት ተቀን በማይጠፋ ኮምፒውተር ላይ የምትከራዪው ቦታ ነው። ስሙ በዓመት ይከፈላል፤ ዶት ኮም ከሆነ በአንዴ እስከ 10 ዓመት መክፈል ትችያለሽ። ሆስቲንጉ በወርም በዓመትም ይከፈላል። ሁለቱንም ከአንድ ድርጅት መግዛት ይቻላል፣ ግዴታ ግን የለብሽም።

ስም ስትመርጪ በስልክ አንዴ ተናግረሽው የሚገባ ይሁን። «ባህር» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ሁሉም በየራሱ ነው የሚጽፈው። ደንበኛሽ አሳስቶ ከጻፈ አያገኝሽም።

ድባንቄ፦ ስንት ነው?

አባይ ማዶ፦ ምኑ?

ድባንቄ፦ ዌብሳይት።

አባይ ማዶ፦ እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም። ለማን? ስንት ገጽ? ዕቃ ይሸጥበታል ወይስ ስልክ ቁጥርና ፎቶ ብቻ ነው? ዶሜኑን ከሆነ፣ ዋጋው በዶላር ስለሆነ በብር ሲመነዘር ይለዋወጣል። የምትገዛበት ቦታ ስትደርስ የመጀመሪያውን ዓመት ዋጋ ተወውና የእድሳቱን ዋጋ እይ። የመጀመሪያው ዓመት ብዙ ጊዜ ማባበያ ነው።

የዘጌ ጀልባ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ጎብኚ ወደ ዘጌ ገዳማትና ወደ ዓባይ መውጫ የማመላልስበት ጀልባ አለኝ። ከተወሰነ ዓመት በፊት አንድ ልጅ ዌብሳይት ሠራልኝ። ልጁ አሁን አዲስ አበባ ገብቷል፣ ስልኩም አይነሳም። ሳይቱን ስከፍት ጊዜው አልፏል የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ስሙ ቢዝነስ ካርዴ ላይ አለ፣ ጀልባው ጎን ላይም አስጽፌዋለሁ። ምን ይሻለኛል?

አባይ ማዶ፦ ጋሼ፣ የፈራሁት ይህንኑ ነው። ረጋ ብለው ያንብቡኝ።

መጀመሪያ «ሉክአፕ ዶት አይካን ዶት ኦርግ» የሚለው ገጽ ላይ ገብተው ስሙን ይጻፉ። አይካን የዓለም የዶሜን ስሞች ሥርዓት የሚያስተባብረው ድርጅት ነው። እዚያ ላይ ዶሜኑ በየትኛው ሬጂስትራር (ዶሜን መዝግቦ የሚሸጥ ድርጅት) እንደተመዘገበ፣ መቼ ጊዜው እንዳለቀና አሁን በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ያገኛሉ። የባለቤቱ ስም ብዙ ጊዜ ተሸፍኖ ስለሚቀርብ ከዚያ አይጠብቁ።

ዶት ኮም ጊዜው ባለፈ ማግስት ለሌላ ሰው አይሸጥም። አብዛኞቹ ሬጂስትራሮች ለተወሰኑ ሳምንታት በመደበኛው ዋጋ ያድሱታል፤ ከ45 ቀን ግን አያልፍም። ከዚያ ሪደምፕሽን የሚባለው 30 ቀን ይመጣል። በዚህ ጊዜም ይመለሳል፣ ግን ጠንከር ያለ ቅጣት ያስከፍላሉ። ከዚያ በኋላ ለ5 ቀን ማንም የማይነካው ሆኖ ይቆይና ይሰረዛል። ከተሰረዘ ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል። ጎብኚ የሚመላለስበትን ስም የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።

ሬጂስትራሩ የሚያውቀው አካውንቱ የተከፈተበትን ሰው ነው። ገንዘቡን የከፈሉት እርስዎ፣ ጀልባው የእርስዎ፣ ለእነሱ ግን ባለቤቱ ልጁ ነው። ስለዚህ ልጁን በጓደኛም በቤተሰብም በቴሌግራምም ያፈላልጉት። ሲገኝ «አድስልኝ» ብቻ ብለው አይተዉት። መጀመሪያ በራስዎ ኢሜይል እዚያው ሬጂስትራር ላይ አካውንት ይክፈቱ። ልጁ ያድስና ዶሜኑን ወደ እርስዎ አካውንት ያዛውረው። እዚያው ውስጥ ማዛወር ቶሎ ያልቃል። ወደ ሌላ ሬጂስትራር መውሰድ ግን ኮድ ይፈልጋል፣ የባለቤት ስም ከተቀየረም ለ60 ቀን ሊቆለፍ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ ለምን አልደረሰኝም ይሉ ይሆናል። ተልኮ ነበር። በአይካን ደንብ ሬጂስትራሩ አንድ ወር ሲቀረው፣ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ጊዜው ባለፈም በ5 ቀን ውስጥ ኢሜይል መላክ አለበት። ሁሉም የሄደው ወደ ልጁ ኢሜይል ነው። ቤት አሠርቶ ካርታውን በግንበኛው ስም ማስወጣት ማለት ይህ ነው።

ፔዳ 4ኛ ዓመት፦ ይቅርታ፣ እኔ ለደንበኞች ስለምሠራ ቅር ብሎኛል። ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው አካውንት መያዝ የማይፈልጉት። ኢሜይላቸውን እንኳን አይከፍቱም፣ ፓስወርድ ይረሳሉ። እኔ ስለምይዝላቸው ነው ሥራቸው የማይቆመው።

ድባንቄ፦ መያዣ ነው የምታደርጉት እንጂ! የእኔን ወንድም እንዲሁ አድርገውታል።

ፔዳ 4ኛ ዓመት፦ ሠርቼ ያልከፈለኝስ? እሱን ማን ያስከፍልልኝ? ሁለት ወር የለፋሁበትን አስረክቤ ስልክ የማያነሳ ስንት አለ።

ድባንቄ፦ ያንተ ጉዳይ ነው፣ የሰው ስም መያዝ ግን ነውር ነው።

ፔዳ 4ኛ ዓመት፦ ነውር ያልከው አንተ ሠርተህ ስላልተከለከልክ ነው።

አባይ ማዶ፦ ሁለታችሁም በቃችሁ። ወንድሜ፣ ልፋትህ ይገባኛል። ክፍያህን ግማሹን ቀድመህ ተቀበል፣ በወረቀት ተፈራረም። ያልከፈለህ ሰው ካለ የሠራኸውን ሳይት ከሰርቨርህ አውርድ። ስሙን ግን አትያዝ። ስሙ የሰውየው ድርጅት ነው። ፓስወርድ ይረሳሉ ላልከው ደግሞ፣ ብዙ ሬጂስትራሮች ለሌላ ሰው የሥራ ፈቃድ መስጠት ያስችላሉ። አካውንቱ የእነሱ ይሆናል፣ አንተ በራስህ መግቢያ ገብተህ ትሠራለህ። ነገ ከአገር ብትወጣ የሚቆም ነገር አይኖርም።

ፎቶ ጣና፦ ዶት ኢቲ ነው ዶት ኮም?

ሽምብጥ 07፦ ዶት ኢቲ ነው የኛ! አገራችንን ትተን የሰው ስም ለምን እንገዛለን?

ድባንቄ፦ ፈረንጅ ዶት ኢቲን ከየት ያውቀዋል?

ሽምብጥ 07፦ ያላወቀ ይወቃ! ኬንያዎቹ በራሳቸው ይኮራሉ።

አባይ ማዶ፦ ዶት ኢቲ ለኢትዮጵያ የተሰጠው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው፣ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ደንበኛህ እዚሁ አገር ከሆነ ጥሩ ነው። ከውጭ ጎብኚ የምትጠብቅ ከሆነ ሰው በልማድ ዶት ኮም ነው የሚጽፈው። አቅም ካለህ ሁለቱንም ያዝና አንዱን ወደ ሌላው ምራው። ክርክሩን እዚህ ላይ ብንተወው ደስ ይለኛል። ብቻ የቱንም ብትወስድ በራስህ ስም ውሰድ።

የቢሮ ኢሜይል፦ ዶሜናችንን ከአንድ ቦታ፣ ሆስቲንጉን ከሌላ ቦታ ገዛን። እንዲያያዝ ብዬ ትናንት ኔምሰርቨሩን ቀየርኩ። ሳይቱ መጣ። ግን ከዚያ ወዲህ የቢሮ ኢሜይላችን ቀጥ አለ። ምን ነካው?

አባይ ማዶ፦ እንዲህ ተዘርዝሮ ሲጠየቅ ደስ ይላል። ኔምሰርቨር ስትቀይር የቀየርከው አንድ መስመር አይደለም። የዶሜንህን መዝገብ በሙሉ የሚይዘውን አካል ነው የቀየርከው። አዲሱ ደግሞ የድሮዎቹን መስመሮች አያውቃቸውም። ሳይትህ የመጣው አዲሱ ሆስቲንግ የራሱን መስመር ስለጻፈ ነው። እንዲህ የሚመስል ታያለህ፦

ዓይነት ኤ፣ ስም @፣ ዋጋ 203.0.113.25፣ ቲቲኤል 3600

@ ማለት ዶሜኑ ራሱ ነው። ቁጥሩ የሰርቨሩ አድራሻ ነው፤ ይህ ለምሳሌ ያህል ነው፣ የአንተ ሌላ ነው። ቲቲኤል 3600 ሰከንድ ማለት ሌሎች ኮምፒውተሮች ይህን መልስ ለአንድ ሰዓት ይዘው ይቆያሉ ማለት ነው። ኢሜይል የሚመራው ግን በኤ አይደለም፣ ኤምኤክስ በሚባለው መስመር ነው። እሱ ነው የጠፋብህ። ሌላ ሰው በስማችሁ አስመስሎ ኢሜይል እንዳይልክ የሚከላከለው ቲኤክስቲ መስመርም አብሮ ጠፍቶ ይሆናል።

ስለዚህ ኢሜይሉን ወደሚሰጣችሁ ድርጅት ገጽ ግባና ኤምኤክስና ቲኤክስቲ መስመሮቹን አንድ በአንድ ገልብጠህ አዲሱ ዲኤንኤስ (የዶሜኑ መዝገብ) ላይ አስገባ። ነጥብ እንኳን አትሳት። የድሮው ዲኤንኤስ ገና ካልተሰረዘ ከእሱም ማመሳከር ትችላለህ። በእነዚህ ሰዓታት የጻፈላችሁ ሰው ኢሜይሉ ተመልሶበት ሊሆን ስለሚችል ደውላችሁ እንደገና አስልኩ።

ለወደፊቱ ሳይቱን ብቻ ልታዛውር ከሆነ ኔምሰርቨሩን አትንካ፣ ኤ መስመሩን ብቻ ቀይር። ከአንድ ቀን በፊት ቲቲኤሉን ወደ 300 ብታወርደው ለውጡ ቶሎ ይደርሳል። የኔምሰርቨር ለውጥ ግን ለዶት ኮም እስከ 48 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። በዚያ መሀል ለአንዱ አዲሱ፣ ለሌላው የድሮው ሊታየው ይችላል፤ አትደንግጡ፣ ደጋግማችሁም አትቀያይሩ። ከምንም በፊት ግን የዲኤንኤስ ገጹን ስክሪንሾት አንሱ።

ድባንቄ፦ እሺ ዶሜንና ሆስቲንግ አንድ ላይ ስንት ነው?

አባይ ማዶ፦ ከላይ መልሻለሁ ወንድሜ። አንብበው።

ቲጂ ጥልፍ፦ እኔ የዶላር ካርድ የለኝም። እህቴ አሜሪካ ናት፣ እሷ ትክፈልልኝ?

አባይ ማዶ፦ ትክፈልልሽ። ግን አካውንቱን አንቺ ክፈቺው፣ በአንቺ ኢሜይል፣ በአንቺ ስም። እሷ ካርዱን ብቻ ታስገባ። ካርድ ጊዜው ያልቃል፣ ይቀየራል፣ ያኔ በራሱ የሚታደሰው ክፍያ ይከሽፋል። ስለዚህ እህትሽ ስትከፍል የብዙ ዓመት በአንዴ ብትከፍልልሽ ይሻላል። በብር የሚቀበሉ የአገር ውስጥ ሻጮችም አሉ። ከነሱ ስትገዢ «ወደ ሬጂስትራሩ የምገባበት የራሴ አካውንት ይኖረኛል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። የለም ካሉሽ ሌላ ፈልጊ።

እንደተመዘገብሽም ኢሜይልሽን ክፈቺ። አረጋግጪ የሚል ደብዳቤ ይመጣል። በ15 ቀን ውስጥ ካላረጋገጥሽ ዶሜኑ ሊታገድ ይችላል። ስፓም ውስጥም እዪ። ደግሞ የአካውንቱ ኢሜይል በዚያው ዶሜን የተሠራ አይሁን። ዶሜኑ ሲቋረጥ ኢሜይሉም አብሮ ይቋረጣል፣ ማስጠንቀቂያውም አይደርስሽም።

ሽምብጥ 07፦ ቲክቶክና ቴሌግራም እያለ ዌብሳይት ምን ያደርጋል? እኔ በቴሌግራም ቻናል ብቻ እየሸጥኩ ነው።

ቲጂ ጥልፍ፦ የኔ የፌስቡክ ገጽ ተሰርቆብኝ ነው እዚህ የመጣሁት።

አባይ ማዶ፦ ሁለቱንም ያዙ። ቻናል ቢዘጋ ደንበኛ የሚያገኛችሁ ሌላ አድራሻ ይኑራችሁ።

ፖሊ ልጅ፦ ኔት ሲጠፋ ሳይቱም ይጠፋል? የሞባይል ዳታ ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ምን ሊሆን ነበር?

አባይ ማዶ፦ ሰርቨሩ ሌላ ቦታ ከሆነ ሳይቱ አይጠፋም። ጀርመን ያለ ጎብኚ ያየዋል። አንተ ግን ገብተህ ማስተካከልም ማደስም አትችልም። በዚያ ጊዜ እድሳታቸው ያለፈባቸው ሰዎች አውቃለሁ፣ ያሳዝናል። ለዚህ ነው ብዙ ዓመት ክፈሉ የምለው። ከክልሉ ውጭ ያለ የምታምነው ሰው ካለህ የሥራ ፈቃድ ስጠው፣ አካውንቱ ግን ያንተ ይሁን።

ፎቶ ጣና፦ ሳይቴ ላይ «አስተማማኝ አይደለም» ይላል። ኤስኤስኤል ግዛ አሉኝ።

አባይ ማዶ፦ አትግዛ። ኤስኤስኤል ሳይትህና ጎብኚው የሚላላኩትን የሚቆልፍ ሰርተፊኬት ነው፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል ድርጅት በነጻ ይሰጣል፤ መደበኛው 90 ቀን ይቆያል፣ ደህና ሆስቲንግ በራሱ ያድሰዋል። አብሮ የማይሰጥ ሆስቲንግ ከሆነ ሌላ ፈልግ። ፎቶዎችህንም አሳንሳቸው። ከስልክ በቀጥታ የተጫነ ፎቶ 4 ሜጋባይት ይሆናል፤ ሃያው 80 ነው። በሞባይል ዳታ ማን ይጠብቅሃል?

ፖሊ ልጅ፦ ለራሴ ፖርትፎሊዮ ነው የምፈልገው፣ ገንዘብ የለኝም።

አባይ ማዶ፦ ጊትሃብ ፔጅስ የሚባለውን ሆስቲንግ ተጠቀም፣ ነጻ ነው። ዎርድፕሬስ (ብዙ ሰው ሳይት የሚሠራበት ፕሮግራም) አይሠራበትም፣ ዳታቤዝ የለውም፣ ለፖርትፎሊዮ ግን ይበቃሃል። የራስህን ዶሜንም ይቀበላል።

ሽምብጥ 07፦ ጎግል ላይ አንደኛ የሚያወጣ ዘዴ ንገረን።

አባይ ማዶ፦ የኔ ሙያ አይደለም። በሳምንት አንደኛ አወጣሃለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅህን ግን አትመን።

የዘጌ ጀልባ፦ ወንድሜ፣ ልጄ ገብታ አየችልኝ። ካለፈ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ሪደምፕሽን ይላል።

አባይ ማዶ፦ ጋሼ፣ አልሄደም ማለት ነው፤ ገና ይደረስበታል። ለነገ አያሳድሩት። ገጹ ላይ የሬጂስትራሩ ስልክና ኢሜይል አለ፤ ስንት ቀን እንደቀረውና ቅጣቱ ስንት እንደሆነ ዛሬውኑ ልጅዎ ትጻፍላቸው። ለሠሪው ልጅ የከፈሉበት ደረሰኝ፣ የንግድ ፈቃድዎና ከልጁ ጋር የተጻጻፉት ካለ ያዘጋጁ። ሲመዘገብ የእርስዎን ስም በባለቤትነት አስገብቶት ከሆነ ያግዝዎታል። የልጁን ሙሉ ስምና የተማረበትን በውስጥ ይላኩልኝ፣ እኔም በማውቃቸው ልጆች በኩል አስፈልገዋለሁ።

ፔዳ 4ኛ ዓመት፦ ለኔም ይላኩልኝ ጋሼ። የኛ ባች ከሆነ አገኘዋለሁ።

ቲጂ ጥልፍ፦ አካውንቱን አሁን ከፈትኩ! ሁለተኛ ማረጋገጫ ላድርግ ወይ ይለኛል። በስልኬ ይሁን?

አባይ ማዶ፦ አድርጊ። የጽሑፍ መልእክት ሳይሆን ኮድ የሚያወጣውን አፕ ምረጪ፣ ሲም ሊጠፋ ይችላል። መጠባበቂያ ኮዶች ሲሰጥሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ከንግድ ፈቃድሽ ጋር አስቀምጪው።