ከነፋሱ በፊት ጭቃውን እዩ

ልጆቼ፣ ስለ ባህር ላይ የነፋስ ኃይል የሚጠይቀኝ ወጣት ሁሉ ዓይኑ የተርባይኑ (በነፋስ የሚሽከረከረው የኤሌክትሪክ ማመንጫ) ክንፍ ላይ ነው። አልፈርድበትም። እኔም በእናንተ ዕድሜ ሽቅብ ሳይ ነው የኖርኩት። ዛሬ ግን ቁልቁል እዩ ልላችሁ ነው።

ነፋሱማ ደግ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ባህር ላይ ደግሞ የሚያግደው ኮረብታ የለም። ግን ጥልቅ ባህር ላይስ መች ነፋስ ጠፋ? የጥልቀት የለሹ ባህር ጸጋ ወለሉ ቅርብ መሆኑ ነው። እስከ 40 ሜትር ገደማ ድረስ አንድ ወፍራም የብረት ቱቦ ወለሉ ውስጥ ትቀብሩና ተርባይኑን ላዩ ላይ ታቆማላችሁ። ውሃው በጠለቀ ቁጥር ብረቱም ወጪውም ይከብዳል። በጣም ሲጠልቅ ተንሳፋፊ መሠረት የግድ ይሆናል፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ዴንማርኮች እ.ኤ.አ. በ1991 ቪንደቢ በተባለ ቦታ ባህር ላይ የመጀመሪያዎቹን 11 ተርባይኖች ሲተክሉ ውሃው ጥቂት ሜትር ብቻ ነበር። አሥራ አንዱም ተደምረው 5 ሜጋ ዋት ቢሆኑ ነው። ዛሬ አንድ ተርባይን ብቻውን ይበልጣቸዋል።

ሰሜን ባህር መሃል ያለውን ጥልቀት የለሽ አሸዋማ ስፍራ፣ ዶገር ባንክን ደግሞ ተመልከቱ። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የብስ ነበር። የዓሣ አስጋሪዎች መረብ ከዚያ አካባቢ የማሞት (የጥንቱ ፀጉራም የዝሆን ዘመድ) አጥንት አውጥቷል! እንዲህ ያለ ወለል ግን ያታልላል። ላዩ አሸዋ ነው፤ ከሥሩ የጥንት የበረዶ ግግር ጎትቶ የጣለው ቋጥኝ ሊኖር ይችላል።

ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። አንድ ሥራ ላይ የአፈር ናሙናውን ሪፖርት ገረፍ ገረፍ አድርጌ አለፍኩት። አሸዋ አሸዋ ነው ብዬ። ከዚያ መዶሻው ቱቦውን እየመታ፣ እየመታ፣ በድንገት ድምፁ ተለወጠ። ቱቦው አንድ ስንዝር አልወርድ አለ። ድንጋይ! በቀን የሚከራየው ግዙፍ መርከብ ቆመ፣ ሂሳቡ ግን አልቆመም። የመርከቡ አዛዥ ምንም አልተናገረኝም። ዝም ብሎ ሰዓቱን ያይ ነበር።

ቱቦው ከገባም በኋላ ነገሩ አያበቃም። የውሃው ሞገድ እግሩ ሥር ተሽከርክሮ አሸዋውን ይቦረቡራል። ለዚህ ነው ዙሪያውን ድንጋይ የሚደፋው። የመዶሻው ጩኸትም የባህር እንስሳትን ስለሚጎዳ በአየር አረፋ መጋረጃ ያፍኑታል።

አሁን ወጣት መሐንዲስ ፕላን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው የትኛውን የአፈር ናሙና በእጁ እንደነካ ነው። አብዛኞቹ የነፋሱን ሠንጠረዥ ያወጡልኛል።