ከጠፈር ጣቢያ መልቀቅና መመለስ፦ ጥያቄና መልስ

ከደሴ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ከጠፈር ጣቢያ የምትለቀቅ አነስተኛ ሳተላይት ወደ ምድር ብትገፋ ቀጥ ብላ አትወድቅም?

መልስ፦ አትወድቅም። ጣቢያው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሴኮንድ 7.66 ኪሎ ሜትር እየበረረ ምድርን በ92 ደቂቃ ያህል ስለሚዞር፣ ከእርሱ የሚለቀቅ ሁሉ ይህንኑ ፍጥነት ይዞ ይወጣል። በሴኮንድ አንድ ሜትር ወደ ታች ብትገፏት ዝቅ ብላ ትቀድማለች፣ ከዚያ ከፍ ትላለች፣ አንድ ዙር ሲሞላም ተመልሳ ጣቢያው ላይ ትመጣበታለች። ስለዚህ ከጃፓኑ ክፍል ከኪቦ የሚለቀቁት፣ በ2010 ዓ.ም. የወጣችውን የኬንያ ሳተላይት ጨምሮ፣ ወደ ኋላና ወደ ታች ይገፋሉ። በሴኮንድ አንድ ሜትር ወደ ኋላ መግፋት የምህዋሩን (የመዞሪያ መንገዱን) ተቃራኒ ጎን 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ያወርደዋል፤ ዙሩም ስለሚያጥር ሳተላይቷ ጣቢያውን ትቀድማለች። መጀመሪያ አቅጣጫውን፣ ቀጥሎ መጠኑን ጠይቁ።

ከኮምቦልቻ፦ ወደ ኋላ የተገፋ ቀደመ ማለት፣ ፍሬን የያዘ መኪና ቀድሞ ገባ እንደማለት ነው፤ አልተዋጠልኝም።

ከወልድያ፦ ወንድሜ፣ የወረደው መንገዱ ያጥራል፤ ሲወርድም ይፈጥናል።

ከኮምቦልቻ፦ ከፈጠነማ ፍሬኑ ምን ሠራ?

መልስ፦ ጠቅላላ ጉልበቱን ቀነሰ። የወልድያው ትክክል ናቸው፤ ክርክሩ እዚህ ላይ ይብቃ።

ከሐይቅ፦ ጠፈር ላይ ስበት የለም አይደል?

መልስ፦ አለ፤ በጣቢያው ከፍታ በምድር ገጽ ካለው 89 በመቶ ገደማ ነው።

ከላሊበላ፦ ሰው የያዘው የሩሲያ መንኮራኩር ሶዩዝስ እንዴት ይመለሳል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። መንኮራኩሩ ጀርባውን ወደ ጉዞው አቅጣጫ አዙሮ ሞተሩን ከአራት ደቂቃ ተኩል በላይ በማንደድ ከፍጥነቱ በሴኮንድ 128 ሜትር ያህል ብቻ ይቀንሳል። ይህም የምህዋሩን ተቃራኒ ጎን አየር ውስጥ ለማስገባት ይበቃል፤ የቀረውን ፍጥነት አየሩ ይወስደዋል፣ ከፊቱ የሚታመቀው አየርም ኃይለኛ ሙቀት ይፈጥራል። ካዛኪስታን ለማረፍ ሞተሩ የሚነሳው ደቡብ አትላንቲክ ላይ የሆነው፣ ዝቅ የሚለው ጎን ሞተሩ ከሚነሳበት ርቆ በተቃራኒው በኩል ስለሆነ ነው።

ከደሴ፦ የኢትዮጵያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1ም ከጣቢያው ነው የወጣችው?

መልስ፦ አይደለም፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና በሮኬት ወጣች።

ከመርሳ፦ ሶዩዝ በሞተሩ ራሱን ወደ ምድር አቅጣጫ ቢገፋ ቶሎ አይደርስም?

መልስ፦ ከላይ ለደሴው ጠያቂ መልሻለሁ። አቅጣጫ!

ከላሊበላ፦ ሞተሩ ቀድሞ ቢጠፋስ?

መልስ፦ ጥቂት ቢጎድል ከታሰበው ቦታ አልፎ ያርፋል። ብዙ ከጎደለ ግን አየሩን በሚገባ ሳይነካ በምህዋር ይቀራል፤ ያኔ ሁለተኛ ማንደድ ካልተቻለ፣ ስሱ አየር ቀስ በቀስ እየጎተተ ማንም ባልመረጠው ስፍራ ያወርደዋል።